ከወሊድ በኋላ አእምሮ ሲታወክ፦ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ሆስፒታል ወይስ ጸበል?

አንዲት አራስ እንቅልፍ ስታጣ፣ የቀረበላትን ገንፎ ስትገፋ ወይም ከልጇ ፊቷን ስታዞር በቤቱ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሐሳብ ይነሣል። አማቷ «ሆድ ብሷት ነው፣ ይለፍላታል» ይላሉ፤ እናቷ ጸበል እንድትወሰድ ይሻሉ፤ ደብረ ብርሃን የሚኖረው ወንድሟ ደግሞ በስልክ «ሐኪም ዘንድ አድርሷት» እያለ ይወተውታል። ሦስቱም የሚናገሩት ከቅን ልብ ነው፤ ነገር ግን ለአንዲት አራስ የበጀው ምክር ለሌላዋ አደገኛ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ ለሚኖር ቤተሰብ በእጁ ያሉትን ምርጫዎች እያነጻጸረ፣ የትኛው ለየትኛው ሁኔታ እንደሚስማማ ለማሳየት ይሞክራል። አቋሜን ከመነሻው ልናገር፦ ምርጫው መመዘን ያለበት «ሕመሙ ከየት መጣ?» በሚለው ክርክር ሳይሆን በሁለት ጥያቄዎች ነው። ስንት ቀን ሆናት? እናቲቱና ሕፃኑስ ለብቻቸው ቢያድሩ የሚያሰጋ ነገር አለ ወይ?

ሦስቱን ሁኔታዎች መለየት

በወለደች በሦስተኛው ቀን ገደማ ያለምክንያት እንባ የሚቀድማት፣ ከአፍታ በኋላ ደግሞ የምትስቅ፣ በትንሽ ነገር ሆድ የሚብሳት እናት በአብዛኛው አልታመመችም። ከወሊድ በኋላ በእርግዝና ወቅት ከፍ ብለው የነበሩት ሆርሞኖች በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ስለሚወርዱ፣ በዚያ ላይ የምጡ ድካምና የእንቅልፍ እጦት ስለሚጨመርበት፣ ከወላዶች ከግማሽ የሚበልጡት ይህን ያልፉበታል። መለያው ልጇን መውደዷ፣ ሲያጎርሷት መብላቷና ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው ሲገኝ እንቅልፍ መተኛቷ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መጥፋት ይኖርበታል። እዚህ ላይ አማቲቱ ልክ ናቸው።

ሁለተኛው ድባቴ (ዲፕሬሽን)፣ ማለትም ሳምንታት አልፎም የማይለቅ ከባድ ሐዘንና የስሜት መደንዘዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ በቅርቡ ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና እክል፣ በዋናነትም ድባቴ ያጋጥማቸዋል፤ በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ግን አኃዙ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሊጀምር፣ ወራት ቆይቶም ሊመጣ ይችላል፤ ካልታከመ ደግሞ ዓመት ሊሻገር ይችላል። አስቸጋሪው ነገር በእኛ አካባቢ «ድባቴ ያዘኝ» ብላ የምትመጣ እናት አለመኖሯ ነው። የምትለው «ልቤ ይዝልብኛል»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል» ነው። ስለዚህ የራስ ምታት ክኒን ተሰጥቷት ትመለሳለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እየተባለች ሰላሳ ጊዜ የተሳመች ሴት «ኧረ እኔስ ከፍቶኛል» ብላ ለመመለስ ምን ያህል እንደምትሸማቀቅም ማሰብ ያስፈልጋል፤ ምርቃቱ ራሱ አፏን ይዘጋዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መሐል ሜዳ አካባቢ አንዲት ዘመዴን ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። ሕፃኑ ሁለት ወር አልፎታል። እሷ በርኖስ ደርባ ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ የቀረበው ገንፎ ከመሐሉ የፈሰሰው ቅቤ በመንዝ ብርድ ረግቶ ነጭ ሆኗል፤ ማንም አልነካውም። ሕፃኑ ሲያለቅስ አንገቷን አላዞረችም። ዝቅ ብዬ ስጠይቃት «የሌላ ሰው ልጅ አደራ የተሰጠኝ ይመስለኛል» አለችኝ። ከዚያ በፊት የሄደችበት አንድ ጤና ተቋም ስለ ደም መፍሰስና ስለ ጡቷ ጠይቋት፣ ጤነኛ ነሽ ብሎ አሰናብቷት ነበር። በሁለቱም ረገድ ጤነኛ ነበረች፤ ያልተጠየቀችው እንቅልፏንና ልቧን ነው።

ሦስተኛው የአእምሮ መታወክ ነው። ከ1,000 ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን ብቻ ያጋጥማል፤ ነገር ግን በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ በድንገት ይፈነዳል። ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ እያደረች ድካም የማይሰማት፣ የሌለ ድምፅ የምትሰማ፣ ሕፃኑ ተለውጦብኛል ወይም ክፉ መንፈስ አድሮበታል ብላ የምታምን፣ አንድ ጊዜ ስትጣደፍ ሌላ ጊዜ ደንዝዛ የምትቀር ከሆነ ጉዳዩ ድንገተኛ ነው። እዚህ ላይ አማራጭ የለም፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት። ትኩሳት አብሮ ካለ ደግሞ የማሕፀን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል፣ እንደ ሸዋ ሮቢት ባለው ቆላ ወባም ሊሆን ስለሚችል፣ የሚያንቀጠቅጣት ከሆነም ከደም ግፊት ጋር የሚመጣው የወላድ መንዘፍዘፍ ሊሆን ስለሚችል፣ «ለየላት» ተብሎ የተተወች ሴት በእርግጥ የምትሞተው በሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል።

የቤት እንክብካቤ

ባህላችን ለአራስ የሚያደርገው እንክብካቤ ከብዙ አገር ይልቃል ብዬ አምናለሁ። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ሥራ አይነካትም፤ አጥሚቱና ገንፎው በሌላ ሰው እጅ ይሠራላታል፤ ጎረቤት ተራ ገብቶ ይጠይቃታል። ሐኪሞች ድባቴን ለመከላከል የሚመክሩት ዕረፍት፣ ምግብና የሰው ድጋፍ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሆድ መባስ ለያዛት እናት ከዚህ በላይ መድኃኒት አያስፈልጋትም፤ የሚጨመር ነገር ካለ ሌሊት ቢያንስ አራት ወይም አምስት ሰዓት ሳትቋረጥ የምትተኛበትን መንገድ ማመቻቸት ነው።

ችግሩ የልማዳችን ቀን መቁጠሪያና የሕመሙ ቀን መቁጠሪያ አለመገጣጠማቸው ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ በሙስሊም ቤተሰቦችም የአራስነቱ ጊዜ እስከ 40 ቀን ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ እናቷ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፣ ጠያቂው ይቀንሳል፣ እንስራውና እንጨቱ ወደ እሷ ይመለሳል። ድባቴ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥር የሚሰደው በዚሁ ሰሞን ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ቤት ውስጥ መንከባከብን ከመረጠ ሁለት ነገር ቢያደርግ መልካም ነው፦ ከክርስትናው በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን እንዲመጣ ማድረግ፣ እንዲሁም ሁለት ሳምንት ያለፈውን ሐዘን ቤት ውስጥ አለማቆየት። በግጭት ምክንያት ከቀያቸው ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን መጠለያዎች የወለዱ እናቶች ይህ የጎረቤት ክብካቤ የሌላቸው በመሆኑ ሁለቱን ሳምንት እንኳን መጠበቅ አይገባቸውም ባይ ነኝ።

ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ

የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር ቀበሌ ሁለት ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ሲያሰማራ ቆይቷል። ጥቅማቸው ቅርብ መሆናቸው፣ ቤት ለቤት መሄዳቸውና ቋንቋዋን ማወቃቸው ነው። ጉድለታቸውም ከዚሁ ይመነጫል፤ የመንደሩ ሰው ናቸውና አራሷ «ወሬው ይወጣብኛል» ብላ ልትፈራ ትችላለች። እንደዚያ ከሆነ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻላል። እዚያ ያለች ነርስ ወይም ጤና መኮንን የደም ማነስን መመርመር፣ ከወሊድ በኋላ መዋዠቅ የሚያሳየውን የታይሮይድ (የአንገት) እጢ ሕመም መጠርጠር፣ ቀላልና መካከለኛ ድባቴን ማከም እንዲሁም ከበድ ያለውን ሪፈር መጻፍ ትችላለች።

መቼ መሄድ እንደሚገባ ከተጠየቅሁ መልሴ የክትባት ቀን የሚል ነው። ለእናቲቱ የተመደቡት የድኅረ ወሊድ ቀጠሮዎች በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው ቀን፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት ናቸው፤ ብዙ እናቶች ግን ለራሳቸው ሲሉ አይመጡም። ለልጃቸው ግን ይመጣሉ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ኋላም በ9 ወር። እነዚህ ቀኖች ድባቴ በሚታይበት ጊዜ ላይ ይውላሉ። ያች የመሐል ሜዳዋ ዘመዴም የተገኘችው በዚሁ መንገድ ነው፤ በ10ኛው ሳምንት ሕፃኑን ልታስከትብ ስትሄድ አብራት የሄደችው የባሏ እኅት ነርሷን ለብቻዋ ጠርታ ጉዳዩን ስለነገረቻት ነው። እናት ራሷ ካልተናገረች አብሮ የሄደው ሰው መናገር ይችላል፤ ሐሜት አይደለም።

ባለሙያው የሚጠቀምበት የኤድንብራ መጠይቅ የሚባል መለኪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 የተዘጋጀ ሲሆን ስላለፉት 7 ቀናት የሚጠይቁ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ድምሩ ከ0 እስከ 30 ነው። በብዙ ቦታ 13 እና ከዚያ በላይ ድባቴ የመኖሩ ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን ያመለክታል፤ አንዳንድ አገሮች ከ10 ጀምሮ በቅርብ ይከታተላሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው፤ ለእሱ «በጭራሽ» ያላለች እናት ድምሯ ዝቅተኛ ቢሆንም በዚያው ዕለት መታየት አለባት። ማንበብ ለማትችል እናት በቃል ሊነበብላት ይችላል፤ ግን ባሏም አማቷም በሌሉበት መሆን አለበት፤ ሰው እየሰማት ከሆነ ሁሉንም «ደኅና ነኝ» ብላ ትመልሳለች።

ከወጪ አንጻር በመንግሥት ጤና ተቋም የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የድኅረ ወሊድ ክትትል በነፃ ይሰጣሉ። የአእምሮ ሕክምናው ግን በዚያው ሥር ላይታቀፍ ይችላልና የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ደብተሩን ይዞ በደረጃው፣ ማለትም ከጤና ጣቢያ በሪፈር፣ መሄድ ይኖርበታል። ደረጃውን ዘሎ የሄደ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ድንገተኛ ሁኔታ ግን ሪፈር አይጠበቅበትም።

ሆስፒታል

መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማና አጣዬ ሆስፒታሎች አሏቸው፤ ከበድ ላለው ደግሞ የደብረ ብርሃን አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ከመሄድ በፊት የሥነ አእምሮ ነርስ ወይም ሐኪም በየትኛው ቀን እንደሚገኝ ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ከአንድ ቀን የመኪና ጉዞና ከአንድ ሌሊት የአልጋ ኪራይ ያድናል። ከመርሐቤቴ የጀማን ሸለቆ ለሚሻገር ቤተሰብ አንዳንዴ ወደ አዲስ አበባ መውጣቱ ይቀለዋል፤ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም እዚያው ነው። በድንገተኛ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ሆስፒታል የሚመረጠው ድባቴው ምግብና እንቅልፍ ሲከለክላት፣ ስለ ሞት ስታወራ፣ ጤና ጣቢያ የጀመረላት መድኃኒት በስድስት ሳምንት ለውጥ ካላመጣ፣ ወይም ከዚህ በፊት ስሜቷ ከመጠን በላይ ከፍና ዝቅ የሚል ሕመም ኖሯት የሚያውቅ ከሆነ ነው። የመጨረሻው እጅግ አስፈላጊ ነው፤ እንዲህ ያለ ሕመም ያለባት ሴት ከወሊድ በኋላ የመታወክ ዕድሏ ከሌላው ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥና የድባቴ ክኒን ብቻውን ሊያባብሳት ስለሚችል ሐኪሙ ከመጀመሩ በፊት ማወቅ አለበት። ሕፃኑም የሚጠባ ከሆነ አብሮ ይሂድ፤ የሚይዘው ሰው ግን ይዛችሁ ሂዱ።

ጸበል

በሰሜን ሸዋ ስለ አእምሮ ሕመም ሲወራ ጸበልን አለማንሣት ራስን ማታለል ነው። ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ከሩቅ አገር ሳይቀር ሕመምተኛ የሚመጣባቸው ናቸው። ምእመን ነኝና ጸበሉን የምመዝነው ሚዛን የለኝም፤ የምመዝነው የጉዞውን ሁኔታ ነው። ጸሎቱ፣ ከሥራ ማረፉ፣ ተመሳሳይ ሕመም ካለባቸው ጋር መቀመጡ ያጽናናል። በሌላ በኩል ጡት የምታጠባ ሴት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ መዋሏ፣ ከወለደች ሳምንት ያልሞላት በደጋ ብርድ መጠመቋ፣ ሕፃኑ ያለ ጡት እቤት መቅረቱ፣ ከሁሉም በላይ የተጀመረ ክኒን ማቆሟ ይጎዳታል። የታወከችን ሴት ማሰርም ሕመሟን አይፈውስም፤ ቁስል ይጨምራል እንጂ።

ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ለሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕመምተኞች መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ስለዚህ ለድባቴ ጸበልም ክኒንም ሲመረጥ ሁለቱን ማስኬድ ይቻላል፤ ጾሙንና የአራስነቱን ሥርዓት በተመለከተ የንስሐ አባትን መጠየቅ ይገባል፤ እሳቸውም አራስን ሊያቀልሉላት ይችላሉ። ለሦስተኛው ሕመም ግን መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ጸበል ኋላ። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ሕይወት ያስከፍላል። ዱዓና ሩቅያ (በቁርኣን የሚደረግ የፈውስ ጸሎት) ለሚያስደርጉ ቤተሰቦችም ነገሩ ይኸው ነው።

ንግግር ወይስ ክኒን?

ቀላል ለሆነ ድባቴ የንግግር ሕክምና በመጀመሪያ ይመረጣል። ሐኪም ብቻ የሚሰጠው አይደለም፤ በፓኪስታን ገጠር የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ሠልጥነው እናቶችን ቤታቸው እየሄዱ ያነጋገሩበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሞ፣ በስድስተኛው ወር ድባቴ ያልለቀቃቸው በዚህ መንገድ ከተጎበኙት እናቶች 23 በመቶ፣ ተራ ጉብኝት ካገኙት ደግሞ 53 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን አሠራር መመሪያ አድርጎ አሳትሞታል። ጉዳቱ ሠልጣኝ ባለሙያ በየጤና ጣቢያው አለመገኘቱና በየሳምንቱ መመላለስን መጠየቁ ነው።

መካከለኛና ከባድ ለሆነው ክኒን ያስፈልጋል። ሰርትራሊን ወደ ጡት ወተት የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለአጥቢ እናት ብዙውን ጊዜ ቀዳሚ ነው። ፍሉኦክሰቲን ከእሱ በበለጠ መጠን ወደ ወተቱ ይገባል፤ በአካባቢው የሚገኘው እሱ ብቻ ከሆነ ግን ጡት ለማስጣል ምክንያት አይሆንም፤ ሕፃኑን በደንብ መከታተል ይበቃል። አሚትሪፕቲሊን ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ነው፤ እንቅልፍ ያመጣል፤ በብዛት ከተዋጠ ግን ይገድላል። ስለዚህ ክኒኑን ባሏ ወይም እናቷ ይያዙትና በየቀኑ የታዘዘላትን ብቻ ይስጧት። ማንኛውም የድባቴ ክኒን ለውጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል፤ «ሦስት ቀን ወስጄ ምንም አላደረገልኝም» ብሎ ማቆም የተለመደው ስሕተት ነው። ሻል ሲላትም ሐኪሙ ሳይነግራት ማቆም የለባትም፤ ብዙውን ጊዜ ከተሻላት በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር ትቀጥላለች።

ዘመዴ ክኒኑን በጀመረች በአምስተኛው ሳምንት ሹሩባ ልሠራ ብላ ራሷ ጎረቤት ቤት ሄደች። ባሏ ይህን በስልክ ሲነግረኝ የተደሰተው ስለ ክኒኑ ሳይሆን ስለ ሹሩባው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ፣ ከዚህ ቀደም የታመመች እናት ዳግም የመታመም ዕድሏ ከፍ ስለሚል፣ ለእርግዝና ክትትል በመጀመሪያው ቀን የድሮውን የክትባት ካርድና ባዶውን የክኒን ማሸጊያ በአንድ ፌስታል ጠቅልላ ሄደች። አዋላጇ ማሸጊያውን አይታ የመድኃኒቱን ስም በካርዱ ራስጌ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችው።